ያልተበየደው ክዳን

ሰፈሩ ሁሉ እማማ መስኮት ነው የሚላት። ስሟን በትክክል የሚያውቀው ባሏ ነበር፤ እሱም ይዞት ሞተ። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቷ ደፍ ላይ ትራስ አድርጋ፣ ክርኗን አስደግፋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መንገዱን ታያለች። ማን ከማን ጋር ገባ፣ ማን ምን ተሸክሞ ወጣ፣ የማን ባል አምሽቶ መጥቶ በር ተዘጋበት፣ አንዱም አያመልጣት። "ዛሬስ ምን ወሬ አለ?" ያላት ሰው ጉዱ ፈላ። "ኧረ እኔ ምን አውቄ" ብላ ትጀምርና እስኪመሽ አትጨርስም።

አንድ ነገር ብቻ ማየት አትችልም፤ የገዛ ልጇ መኪና ሲነዳ።

ልጇ የውድድር መኪና ነጂ ነው። ጓደኞቹ ጥይቱ ይሉታል። ይሄን ስም በሰማች ቁጥር፣ "ጥይት እኮ ተተኩሶ የማይመለስ ነገር ነው፤ ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ስም ይወጣል?" ትላለች። ሌላ ከተማ ሲወዳደር ቴሌቪዥኑን ትዘጋና መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ትለቀዋለች፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን እንዳይሰማት። አንድ ጊዜማ በግድ ወስደዋት፣ ከተመልካቹ መሀል ራሷን የሳተች መስላ ዘጭ አለች፤ ውድድሩ የሚቆም መስሏታል። አምቡላንስ መጣ፤ ሐኪሙ ጎንበስ ቢል በአንድ ዓይኗ መንገዱን ስታይ ያዛት። ውድድሩም አልቆመ፣ ወሬውም እስከ ዛሬ አልቆመ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው? ዘንድሮ ውድድሩ ራሱ እግሩን አንሥቶ እሷው ሰፈር መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ዘጋው። ግራና ቀኙ በብረት አጥር ታጠረ፣ የቆሙ መኪኖች ተጎትተው ተነሡ፣ አውቶቡሱም በዚያ ዙር ተባለ። ተወዳዳሪዎቹ ከድልድዩ ወርደው፣ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ታጥፈው፣ ከእሷ ሕንፃ በር ፊት ለፊት በርረው ሊያልፉ ነው። የልጇም መኪና አብሮ።

አሁን ክዳኑን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ከሕንፃው በር ፊት፣ አስፋልቱ ላይ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ክዳኑ ክብ ነው፤ ወፍራም ብረት። የሕንፃው ቱቦ አሮጌ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፤ ሲደፈን ቆሻሻው የሚገነፍለው ምድር ቤት ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤት ቢደወል የሚመጣው ሰው ለቅሶ ለመድረስ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም። እና የሕንፃው ሴቶች የራሳቸውን ዘዴ ካበጁ ቆዩ። ከደረጃው ሥር አንድ ዲጂኖና አንድ ረጅም ሽቦ አለ። ቱቦው ማጉረምረም ሲጀምር ሁለቱ በዲጂኖው ክዳኑን ይፈነቅሉታል፣ አንዷ ሽቦውን ትሰድዳለች፣ እማማ መስኮት ከላይ ሆና "ወደ ግራ! ጠበቅ አርጊው! መኪና መጣ፣ ዞር በሉ!" እያለች ታዛለች።

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው አንድ በያጅ ማሽኑን በጋሪ እየገፋ መጣ። መንገዱ ላይ ያለ ክዳን ሁሉ ዙሪያውን ይበየድ ተብሏል። ልብስ ሰፊዋ ይሄን ስትሰማ መቀሷን ይዛ ወጣች። ምላሷ ስለሚወጋ መርፌ ነው የሚሏት።

"እትዬ! ውረጂ! ሊደፍኑን ነው!" ብላ ወደ ላይ ጮኸች።

እማማ መስኮት ሻይ በብርጭቆ ይዛ ወረደች። ሻይ ይዛ የወረደች ሴት ነገር እንዳላት ያልገባው በያጁ ብቻ ነው። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ልቡ ግን ቅቤ።

"አንተ ልጅ፣ ዙሪያውን ልትደፍነው ነው?"

"ትእዛዝ ነው እማማ። አንድም ሳይቀር።"

"እኛስ? ቱቦው ሲደፈን በአፋችን ልንመጥጠው ነው?"

"ውድድሩ ሲያልቅ መጥቼ እቆርጥልዎታለሁ።"

"አዬ! ባለፈው ቆጣሪ ሊጠግን የመጣው ልጅም 'መጣሁ' ብሎን ነበር የሄደው። አሁን አግብቶ ወልዷል አሉ።"

መርፌ ሳቀች። በያጁም ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ ተሸነፈ ማለት ነው።

"ተቆጣጣሪ ያያል እማማ..."

"ተቆጣጣሪህ ከመኪናው ወርዶ ጫማውን አያቆሽሽም። እዚህ ጋ ነካ፣ እዚያ ጋ ነካ አርገው፤ ቀሪውን ሬንጅ ቀባበት። አንተው ንገረኝ እስቲ፣ እኛ ሁለት ሆነን ዲጂኖ ላይ ተንጠልጥለን የምናነሣውን ብረት፣ መኪና ሲያልፍበት ምን ይሆናል? ይጫነዋል እንጂ!"

በያጁ አሰበው። ነገሩ እውነት መሰለው። ለምን እንደሚበየድ ለእሱም የነገረው የለም፤ በይድ ተባለ፣ ይበይዳል። ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገ፣ ሬንጁን ቀባ፣ ሻይውን ጠጣ፣ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቷት ሄደ። እማማ መስኮት ያን ቀን ማታ ለሰባት ሰው በኩራት አወራችው።

የውድድሩ ቀን መጋረጃዋን ዘጋች። መርፌ ግን ሱቋን ዘግታ፣ የተጠበሰ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልላ፣ "ካንቺ መስኮት የተሻለ የት አለ" ብላ መጥታ መጋረጃውን ገለጠችው። እማማ መስኮት ለመንገዱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። መኪኖቹ ሲያልፉ የብርጭቆው መደርደሪያ ይንጫጫል፣ ወለሉ በጫማዋ ሥር ይርገበገባል። ድምፁ በጆሮ አይደለም የሚገባው፤ በጥርስ ነው።

"ልጅሽ አንደኛ ነው!" አለች መርፌ።

"ዝም በይ።"

"አይ ሲታጠፍ ብታይው! ከአጥሩ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው።"

"መርፌ፣ አፍሽን ዝጊ ብያለሁ።"

ምሰሶው ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ደግሞ አያርፍም። አስተዋዋቂው ወሬ ሲያልቅበት ያገኘውን ይለፈልፋል። በዚህ መሀል እንዲህ አለ፦

"ውድ ተመልካቾቻችን፣ እነዚህ መኪኖች መንገዱን የሚጫኑት ብቻ እንዳይመስላችሁ! ከሥራቸው አየሩን ይመጥጡታል። ለዚህ እኮ ነው የፍሳሽ ክዳኖቹ ሁሉ ዙሪያቸውን የተበየዱት። አለዚያማ ክዳኑን ከነምኑ መንጭቀው ያነሡት ነበር፤ ከዚያ እዚያ ላይ የደረሰውን መኪና... ኧረ አይድረስ ነው!" ብሎ ሳቀ።

መርፌ ኦቾሎኒውን ማላመጥ አቆመች።

"እትዬ... ሰማሽ?"

"አልሰማሁም" አለች እማማ መስኮት። ሰምታለች።

ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ክዳኑ እንደ ጥቁር ሳንቲም አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ሬንጁ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። አንድ ቀይ መኪና በላዩ አለፈ። ብረቱ ጠቅ አለ። ሌላ አለፈ፤ ጠቅ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ያቺን ጠቅታ ብቻዋን ለይታ ሰማቻት፤ እናት ከሃምሳ ሕፃን መሀል የልጇን ለቅሶ እንደምትለየው።

ስልኳን አነሣች፤ ጣቷ ቁጥሩን እየሳተ አስቸገራት። በያጁ ጠርቶ ጠርቶ አነሣ።

"እማማ፣ እኔም አሁን ሰማሁት" አለ፤ ድምፁ እያለቀሰ ነው። "በቴሌቪዥን ነገሩን። እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩ። እሥር ቤት ነው የምገባው። ልጆች አሉኝ።"

"እኔም ልጅ አለኝ" አለች።

"ምናልባት እስኪያልቅ ይይዝ ይሆናል..."

"ስንት ዙር ቀረው?"

"ገና ግማሽ አልደረሱም እማማ።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ደረጃውን ወረደች፤ አንዱ እግሯ ባዶ እንደነበር ያየችው በኋላ ነው። መርፌ ከኋላዋ "ቀስ! ትወድቂያለሽ!" እያለች ተከተለቻት።

በሩ ላይ፣ ከአጥሩ ክፍተት ጋ፣ ለነጂዎቹ ምልክት የሚሰጥ አንድ ወጣት ባንዲራዎች ይዞ ቆሟል። ጆሮው ላይ የጩኸት መከላከያ አድርጓል፤ ደረቱ ላይ መገናኛ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል። እማማ መስኮት ክንዱን ያዘችው።

"ልጄ! ክዳኑ..."

ዡዡዡዡም! ሦስት መኪና ተከታትሎ አለፈ። ባንዲራ ያዡ ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አሳያት።

"ልጅዎ አንደኛ ነው እማማ!"

"አንደኛውን ተወው! ክዳኑ አልተ..."

ዡዡዡም!

እንዲህ ሆነ ነገሩ። መኪና ሲያልፍ ዓለም ሁሉ ይጮኻል፤ ካለፈ በኋላ ትንሽ ፋታ አለች፤ በዚያች ፋታ ሁለት ቃል ታስገባለች፤ ከዚያ ሌላው ይመጣል። ዕድሜዋን ሙሉ አፏ ሠርቶ የማይደክማት ሴት፣ ዛሬ ለሦስተኛ ቃል ቦታ አጣች። የመከላከያውን አንድ ጆሮ ጎትታ አወለቀችው።

"አልተበየደም!" ብላ ጆሮው ውስጥ ጮኸች።

"ምኑ?"

"ክዳኑ! ያውልህ! ሬንጅ ነው የተቀባው፣ ብየዳ አይደለም!"

የወጣቱ ፈገግታ ጠፋ። ወደ ክዳኑ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ መገናኛውን አፉ ላይ አደረገ። "አንዲት እናት ክዳን አልተበየደም እያሉ ነው... አዎ፣ ዳቦ ቤቱን እንዳለፈ... የጥይቱ እናት ናቸው።"

መገናኛው ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

"ያኔ የወደቁት ሴትዮ? በል ውኃ አጠጣቸውና ጥላ ሥር አስቀምጣቸው። ተቆጣጣሪው አይቶ ፈርሞበታል።"

ባንዲራ ያዡ አንገቱን ደፋ። "እማማ፣ እኔ ሰማሁ ብዬ ብቻ ውድድር አላስቆምም። ማስቆሚያው ቀዩ ባንዲራ የእነሱ ነው።"

ሰው የሚያምናት አንድ ቀን ያስፈልጋት ነበር፤ ያንን ቀን ያኔ ተመልካቹ መሀል ዘጭ ብላ በልታዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የልጇ መኪና ከድልድዩ ሲወርድ ሰማችው፤ ሞተሩን ታውቀዋለች፣ አውቀዋለሁ ማለት አትወድም እንጂ። ዓይኗን ጨፈነች። ዡዡም። ጠቅ። ዓይኗን ገለጠች። አለፈ።

እንደገና ደወለች። በያጁ አነሣ።

"ስማኝ" አለች። "ለእነሱ ስምህን አልጠራም። እኔ ነኝ የበየድኩት እላለሁ።"

"እማማ... እርስዎ?"

"አዎ፣ እኔ። ማሽኑን ተበደርኩ እላለሁ።"

"ማን ያምንዎታል?"

"ማንም አያምነኝም! እሱን እኮ ነው የምልህ! ማንም አያምነኝም፣ ልጄ ደግሞ እየዞረ ነው!" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ።

መኪኖች አለፉ። እስኪያልፉ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣብቃ ያዘችው።

"ስልኩን አጠገብዎ ላለው ሰው ይስጡት" አለ በያጁ።

ባንዲራ ያዡ ስልኩን ተቀብሎ ሌላ ጆሮውን በጣቱ ደፈነ። ሲያዳምጥ ፊቱ አመድ መሰለ። መገናኛውን ያዘ፤ "በያጁ ራሱ ነው የሚናገረው! ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያያዝኩት ይላል! ሰማችሁ? ሁለት ቦታ!"

"ቆይ፣ እናጣራ" አለ መገናኛው።

ቆይ! ለማን ነው ቆይ የሚባለው?

መኪናው መጣ። የልጇ። ጥጉን ታጠፈ፤ የራስ ቁሩ መስታወት በፀሐይ ብልጭ አለ፤ በክዳኑ ላይ አለፈ። ያኔ ክዳኑ ተነሣ። አንድ ስንዝር ያህል፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ብድግ አለ፤ የሚያስነጥስ ሰው ይመስል። ተመልሶ ወደቀ፤ ግን በቦታው አልወደቀም። አንድ ጠርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ቀረ። ከኋላ የመጣው ሰማያዊ መኪና ጎማው ነካውና ተንሸራተተ፤ አጥሩን ፈግፍጎ፣ የእሳት ብልጭታ እየተፋ፣ እንደምንም ቀጥ ብሎ አለፈ። መርፌ እሪ አለች። እማማ መስኮት እሪታዋም ጠፋባት።

ባንዲራ ያዡ ትእዛዝ አልጠበቀም። ቢጫውን የማስጠንቀቂያ ባንዲራ በሁለት እጁ ያራግብ ጀመር፤ "ክዳኑ ወጣ! ክዳኑ ወጣ!" እያለ ወደ መገናኛው ይጮኻል። ወዲያው በመንገዱ ሙሉ ቀይ መብራት በራ። ከኋላ የቀሩት ቢጫውን አይተው ዝግ ብለው በዳር አለፉ። ግን ልጇ ገና እየዞረ ነው። ቀዩን አይቶት ይሆን? አንደኛ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ጠርዝ ላይ የሚደርሰው እሱ ነው። አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ጆሮ ብቻ ሆነች። ከወዲያኛው መንገድ ሞተሩ እያገሳ ነው፤ ከድልድዩ ደረሰ፤ ያገሳል፤ ከዚያ ወደቀ ድምፁ። ዝግ አለ። መኪናው ከዳቦ ቤቱ ጥግ በእግር የሚሄድ ሰው ያህል እያዘገመ ብቅ አለና፣ ክዳኑ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጸጥታው ራሱ ያስፈራ ነበር።

ልጇ ወርዶ የራስ ቁሩን አወለቀ። ፊቱ በላብ ረጥቧል። እናቱን በአጥሩ በኩል አያት።

"እማ፣ ደግሞ ወደቅሽ?" አለ በንዴት። "አንደኛ እኮ ነበርኩ!"

ባንዲራ ያዡ ምንም ሳይል ክዳኑን በእግሩ ገፋ አደረገው። ተወዛወዘ። የተሰበሩት ሁለት የብየዳ ነጥቦች ያብለጨልጫሉ። ልጇ አያቸው። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ ሽቦውን ስንቴ አቀብሏል። ወደ በሩ ቀና አለ።

"ማን ነው እንዲህ ያስደረገው?"

"እኔ ነኝ" አለች እማማ መስኮት። "ቱቦው እንዳያስቸግረን ብዬ። መኪና ይጫነዋል እንጂ ያነሣዋል ብዬ መች አሰብኩ፣ የኔ ልጅ።"

ጓንቱን አወለቀ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሰው እንዳያይበት ብብቱ ሥር ሸጎጠው፤ እሷ ግን አየች። ይሄን ልጅ ከወለደችው ጀምሮ ሲፈራ አይታው አታውቅም። ማታ ማታ ስትተኛ የምትለምነው ልመና አንድ ነበር፤ "ትንሽ ፍርሃት ስጥልኝ፣ ልብ ይግዛ።" ይኸው ተሰጠው። ስታየው ግን መልሰህ ውሰድልኝ ማለት አማራት።

በያጁ ማሽኑን እየገፋ በሩጫ ደረሰ፤ ሸሚዙን ገልብጦ ነው የለበሰው። ኃላፊዎቹ ከበቡት፤ ነገ ቢሮ ትጠራለህ አሉት፤ አሁን ግን በይድ። ዙሪያውን በየደ። ሲጨርስ ማንም ሳያዘው ደግሞ በላዩ ሌላ ዙር ደረበበት። ውድድሩ እንደገና ይጀመራል ተባለ።

ልጇ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

"እማ።"

"ወይ።"

"ልተወው እንዴ? አሞኛል ብላቸው..."

"ተወው!" አለች፤ ቃሉን አላስጨረሰችውም። "አሁኑኑ ተወው። እዚሁ አቁመውና ቁልፉን አምጣው።"

"ይሄ መኪና ቁልፍ የለውም እኮ።"

"ቁልፍ የለውም?" ዓይኗ ፈጠጠ። "ቁልፍ የሌለው መኪና ነው የሚያስነዱህ? ሌባ ቢወስደውስ?"

"ማን ይወስደዋል እማ?"

"ይውሰደው! ማንም ይውሰደው! እኔ አልጮህም! እንዲያውም እገፋለታለሁ!"

ልጇ አፈጠጠባት። መጀመሪያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ትከሻው፤ ከዚያ አጥሩን ይዞ እስኪንተከተክ ሳቀ። መካኒኩ ምን ሆነ ብሎ እየሮጠ መጣ። ስቆ ሲያበቃ እጁ ጸጥ ብሏል። በአጥሩ ቀዳዳ ጣቶቿን ሳማቸው፤ ቁሩን አጠለቀ፤ ሄደ። እሷ የምሯን ነበር የተናገረችው። ያ ምላሷ ልጇን መልሶ መኪናው ውስጥ ማስገባቱን እስኪገባት ሞተሩ ተነሥቶ ነበር።

"ነይ ወደ ላይ እንውጣ" አለቻት መርፌ።

"አልወጣም።"

ፊቷን ወደ ሕንፃው ግድግዳ አዞረች፤ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ለባንዲራ ያዡ፣ "እሱ ባለፈ ቁጥር ትከሻዬን ንካኝ፤ ሌላ ምንም አትንገረኝ" አለችው። ወጣቱም እሺ አለ፤ ምን ይበል።

መኪኖቹ መጡ። ግድግዳው ግንባሯ ላይ ተንቀጠቀጠ። ትንፋሽዋን ያዘች። ትከሻዋን ነካት። ተነፈሰች። እንደገና መጡ። ያዘች። ነካት። እንዲህ እያሉ ብዙ ዞሩ፤ ፀሐዩ ከጀርባዋ ወደ ጎኗ ዞረ።

አንዱን ዙር ግን እጁ ዘገየ።

መኪኖቹ አለፉ፤ ጩኸቱ ራቀ፤ ትከሻዋ ላይ ምንም የለም። ዘወር ብላ ማየት አልቻለችም፤ አንገቷ እምቢ አላት። ጥፍሯ ግድግዳውን ቧጠጠው። የልቧን ድምፅ ከመኪናው ድምፅ መለየት አቃታት።

ከዚያ እጁ መጣ።

"ይቅርታ እማማ" አለ ባንዲራ ያዡ እያለከለከ። "አልፏል፤ ደህና ነው። ሌላ መኪና ተበላሽቶ ባንዲራ ሳራግብ ነው የዘገየሁት።"

"ባንዲራህን ጣለው" አለች ግንባሯን ከግድግዳው ሳታነሣ። "እኔን ንካኝ።"